ቅማሉ የቆመበት ፊደል

ፊደል የቆጠርኩት በቅማል ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ፣ ጥርስ የተሰጠው ለዚያም ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት መጽሐፍ ገልጣ ስታነብ ያዩ ሁሉ "የት ተማርሽ?" ይሉኛል። የሚጠይቁት ለማወቅ አይደለም፣ ስላልተዋጠላቸው ነው። "አክስቴ እግር ሥር" እላቸውና ወደ ንባቤ እመለሳለሁ። የቀረውን ለማንም አልነገርኩም።

አክስቴን እታለም እንላት ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ሞታ ሜዳ ላይ ስትቀር እናቴ ወስዳ አሳደገቻት፤ እኔ ስወለድ ደግሞ እሷ እኔን አሳደገችኝ። ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት እሷ ሃያ አንድ፣ እኔ ሰባት፣ ታናሽ እህቴ አራት ነበርን፤ ትንሹ ወንድማችን ገና ጥርስ አላወጣም። እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ማሽን ላይ ትውላለች። እኛ ሳንነቃ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትከሻዋ ላይ የክር ቁራጭ ተንጠልጥሎ ትመለሳለች። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። አንድ የሚሽከረከር ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ነበሩት፤ ከእኛ ክፍል የሚለየው አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ብቻ ነው። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሰው ሊስቅ ብሎ ጢሙን ያስላጫል። ከመጋረጃው ወዲህ ግን ቃል ይቆጥባል።

እንግዲህ እኛ የፀጉር አስተካካይ ልጆች ቅማል ገባብን።

አባቴ የሰማ ዕለት "ቅማል የምትል ቃል ከዚህ በር ከወጣች ወንበሩን አውጥታችሁ ሽጡት" አለ። እውነቱን ነው፤ ልጆቹ ራሳቸውን ሲያኩ እያየ ማን አንገቱን ይሰጠዋል? ስለዚህ ስማቸውን ቀየርንና "እንግዶቹ" አልናቸው።

"እንግዶቹ ዛሬ ስንት ናቸው?" ይላል አባቴ በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ።

"ስድስት፣ ከነልጆቻቸው" ትላለች እታለም።

"እራት ሳይበሉ ሸኟቸው።"

መጀመሪያ እናቴ ነጭ ጋዝ ሞከረች። ራሳችንን በጋዝ አሽታ በፌስታል ጠፈረችን፤ ታናሽ እህቴ እስክትታፈን አለቀሰች፣ የእኔ ጆሮ ሥር ተላጠ። ሲፈታ ራሴ ተቃጥሏል፣ ቅማሉ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለእታለም ማበጠሪያ ተተወ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ፀሐይ ላይ ትጠብቀኛለች። በርጩማ ላይ ትቀመጥና እኔን እግሯ ሥር ታስቀምጠኛለች። ደንበኛ አንብቦ የጣለውን አሮጌ ጋዜጣ ጉልበቴ ላይ ትዘረጋልኛለች። ፀጉሬን አርሳ በዚያ ጥርሱ በተጣበቀ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ስትስበው አንዱ ጠብ ይላል። ደንገጥ ይልና ወረቀቱ ላይ መንገድ ይጀምራል። እሷም ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ታሰናዳለች፤ ከመግደሏ በፊት ግን ትጠይቀኛለች።

"የቆመበት ፊደል ማነው?"

"መ።"

"አውቀሽ ነው ወይስ ገምተሽ?"

"አውቄ።"

"እንግዲያው ይሙት።" ጠቅ።

ሕጉ ይህ ነበር፦ የማላውቀው ፊደል ላይ የቆመ ቅማል አይገደልም። የማውቀው እስኪደርስ ድረስ እንዳሻው ይሄዳል፤ ከወረቀቱ ከወረደም አመለጠ፣ ሲመቸው ተመልሶ ይበላኛል። ቅማል በእኔ ድንቁርና ነፍሱን ሲያተርፍ ማየት አንገበገበኝ። በሁለት ወር ውስጥ የጋዜጣውን ርዕስ ማንበብ ጀመርኩ። ዠ ብቻ ቀረችኝ። ጋዜጣ ላይ እንደ ልብ አትገኝም፤ ብትገኝም ቅማል ዞሮባት ያልፋል። "ኩሩ ናት፣ እንዳንቺ" ትለኛለች እታለም። "ማንም አይቆምባትም።"

እሷ ራሷ ቅማል አልነበረባትም። ሦስታችን ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተደርድረን እየተኛን እሷ ንጹሕ ነበረች። ስትተኛ ሻሿን አጥብቃ ታስራለች፣ ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያውን በራሷ ላይ ታሳልፋለች። ይህ ትንሽ ያናድደኝ ነበር፤ መዋረዱን ለእኛ ትታ ያመለጠች ይመስለኛል።

አንድ ረቡዕ የጤና ሠራተኛ ክፍላችን መጣች። በእርሳስ ጫፍ ፀጉራችንን እያነሳች በየተራ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ አየችና እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው፤ መልሳ አልነካችውም። ለቤተሰቤ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ከአራት ሰዓት በፊት ወደ ቤት ተሸኘሁ።

የሱቁ በር ተዘግቷል። በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ሕፃኑ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ታናሽ እህቴ አጠገቡ ተቀምጣ እናቴ ከፋብሪካ ያመጣችላትን አሮጌ የልብስ ቁልፎች በክር ትሰካለች። "እታለምስ?" ስላት ከንፈሯን ወደ መጋረጃው አሾለች። ገለጥኩት።

እታለም የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ መሬት ወድቋል። አባቴ ከኋላዋ ቆሞ ጣቶቹን ፀጉሯ ውስጥ አስገብቷል፤ ሌላው እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሳሙና ሲገባ እንደሚጨፈነው፣ ጥብቅ አድርጋ።

አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

"አንቺ ደግሞ ትምህርት ቤት አይደለሽም እንዴ?"

"በቅማል ተመለስኩ።"

ከዚያ ለደንበኛ የሚስቀውን ሳቅ ሳቀ። "ይኸው እኔም የአክስትሽን እያየሁላት ነው። ቤቱን እኮ ፈጁት።"

አልገረመኝም። የሰው ራስ ሲነካካ የሚውል ሰው የእሷን ቢነካ ምን ይገርማል? እንዲያውም ደስ አለኝ። እታለምም እንደኛው ሆነች አልኩ።

ቅማል የሚፈልግ ሰው ብርሃን ይፈልጋል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ራስ የሚታይባትን ፀሐይ በደቂቃ የማውቅ ልጅ ነኝ። የሱቁ መስኮት ግን ያን ቀን በጋዜጣ ተሸፍኖ ነበር። ጋዜጣውን አይቼዋለሁ፤ ርዕሱን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ለምን እዚያ እንደተለጠፈ ለመጠየቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ መሰላችሁ፤ ማንበብ ሌላ፣ ማስተዋል ሌላ።

እታለም ተነሥታ በእጄ ያለውን ወረቀት ተቀበለችኝ፣ አነበበችው፣ አጠፈችው። ጓሮ ወስዳ ታበጥረኝ ጀመር። ቅማሎቹ ይወድቃሉ፣ እሷ አትጠይቅም።

"እታለም፣ ይሄኛው ሰ ላይ ቆሟል።"

"እህ?"

"ሰ ላይ።"

"ይቁም።"

ማበጠሪያው ጆሮዬን ቧጠጠኝ። "ዛሬ ያየሽውን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። "እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ ቀን አይቼ።"

"ቅማል እንዳለብሽ?"

ዞር ብዬ ላያት ስል ራሴን ይዛ ወደ ፊት መለሰችው።

"አዎ" አለች። "ቅማል እንዳለብኝ።"

ማልኩላት።

እሑድ እናቴ ቤት ዋለች። ሰው የሚያርፍባትን ቀን እሷ በሦስት ራስ ላይ ትጨርሳታለች። ከጤና ሠራተኛዋ የመጣውን ወረቀት እታለም አንብባላታለች፤ በእሱ ተቆጥታ ስታበጥረኝ ቆዳዬ አብሮ የሚነሣ ይመስለኝ ነበር።

"ይኼ ፀጉር ዛሬ ይላጫል" አለች። "አንቺ ነሽ ከትምህርት ቤት ጎትተሽ ያመጣሽብን፣ ካንቺ ነው የሚጀመረው።"

ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ይደርስ ነበር። ጫማዬ የተለጠፈ፣ ደብተሬ በተረፈ ወረቀት የተሰፋ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ከማንም የማላንስበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

"ለምን እኔ ብቻ? እታለምም አለባት።"

"የእሷን ተይው። አርብ ማታ እኔው አይቻታለሁ፣ ንጹሕ ናት።"

"አለባት። አባባ ሲለቅምላት አይቻለሁ።"

ማበጠሪያው ፀጉሬ መሀል ቆመ።

"መቼ?"

"ረቡዕ። የተመለስኩ ቀን።"

"የት?"

"ሱቅ። ወንበሩ ላይ።"

"በሩስ?"

"ተዘግቶ። ደንበኛ እንዳያያቸው ነዋ።"

"እሷ ምን ትል ነበር?"

"ምንም። ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ ሳሙና እንደገባበት።"

እናቴ ማበጠሪያውን ቀስ አድርጋ እስከ ጫፍ አወረደችው። ደግማ ከሥር ጀመረች። ራሴን ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ዘለላ ሳትቀር ጨረሰችው። እንደዚያ ቀስ ብላ አበጥራኝ አታውቅም። ከዚያ "ሂጂ" አለችኝ። ስለ መላጨት አልተነሣም። ፀጉሬን አተረፍኩ ብዬ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ምን ታውቃለች የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን መሐላ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ያፈረስኩትም ለፀጉሬ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ እታለም ሕፃኑን ታቅፋ ከጓሮ ገባች። እናቴ "ልጁን አስቀምጪው" አለቻትና ወደ ሱቅ ይዛት ገባች። እኔ ከመጋረጃው ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

"ቤቴ ውስጥ ቅማል ኖሯል።"

"እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ቀን አጣሁ። ስትገቢ ደክሞሻል፣ ስትወጪ ቸኩለሻል። ነገ ዛሬ ስል…"

"አፍ የለሽም? አትጮኺም ነበር?"

"ጮኼስ? ማን ይምጣልኝ? ጎረቤት ቢሰማ አንቺን ነው የሚስቅብሽ። እምቢ ብዬዋለሁ እትዬ። በልጆቹ ልማልልሽ፣ እምቢ ብዬዋለሁ።"

"ስንት ጊዜ ነው?"

መልሷን አልሰማሁትም። ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ስለ ቅማል እንዲህ መጨቃጨቅ ምን የሚሉት ነው እያልኩ ለሕፃኑ የቁልፎቹን ክር አንቃጨልኩለት።

ከዚያ እናቴ አባቴን ጠራችው። ከደጅ ከጫማ ሰፊው ጋር ሲጫወት ነበር፤ ሳቁን ሳይጨርስ ገባ።

"ማሽንህን አምጣና ላጫት።"

"ምን ሆናችኋል እናንተ?"

"ላጫት ነው የምልህ። እጅህ ለምዶታል።"

"ኧረ ሴትዮ…"

"ቅማል ነው አላልክም? ለልጄ እንደዚያ አላልካትም?"

አባቴ ወደ መጋረጃው አየ፤ ወደ እኔ። ያኔ ፊቱ የቅማል ምሥጢር ስላወጣሁበት የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲፈራ እንዴት እንደሚመስል አላውቅም ነበርና።

"አዎ" አለ በመጨረሻ፤ "ቅማል ነው።"

እታለም ራሷ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልያዛትም። ማሽኑ ጮኸ፣ ፀጉሯ በጉንጉን በጉንጉን ወለሉ ላይ ወደቀ። አባቴ በሥራ ዘመኑ ሰው አድምቶ አያውቅም እየተባለ ይወራለታል፤ ያን ቀን ከጆሮዋ በላይ ሁለት ቦታ ቆረጣት። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ፈገግ አልኩላት፤ ተላጭታ ስትጸዳ ነገሩ አለቀ፣ እራት እንበላለን ብዬ። እሷም ፈገግ ልትል ሞከረች። ብትቆጣኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

እናቴ ፊት ያን ቀን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ መውጣት ነበረበት። ቤቱ ከአባቴ እናት የተወረሰ ነው፣ ሱቁ የእሱ ነው፣ እሷ ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ውላ የምታመጣው ለሦስት ልጅ ዳቦና ሳሙና አይበቃም። ማውጣት ያለባትን ሳይሆን ማውጣት የምትችለውን አወጣች። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ማወቅ ይቅር ማለት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ የሚያውቁት ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ያኔ ግን ያየሁት እታለም ልብሷን ወደ ሻንጣ ስትከት ነው። ገባኝ፤ በቅማል ምክንያት እየተባረረች ነው። ቅማል ከሌለባት ደግሞ የምትሄድበት ምክንያት የለም። ሱቅ ገባሁና ጋዜጣ ዘርግቼ ፀጉሯን ከወለሉ ሰበሰብኩ። በመስኮቱ ብርሃን ዘለላውን እያነሣሁ አየሁት፣ አራገፍኩት፣ ሥሩን ከጫፉ ለይቼ አበጠርኩት። ይህ ሙያዬ ነው፤ ቅጫም ከፎረፎር በዓይን እለያለሁ። አንድም አላገኘሁም። ደግሜ ፈለግሁ። የለም።

እየሮጥኩ ወጣሁ። እናቴ ደጅ ላይ ቆማለች፣ እታለም ሻንጣዋን አንሥታለች። እንቁላል ሻጯ ጎረቤታችን ሌሎች ሁለት ሴቶች አስከትላ መጥታ "ምነው፣ ምን ተፈጠረ?" ትላለች። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ "ቅማል አስገብታብኝ ነው፤ ልጆቼን አስጨረሰች" እያለች ነበር። ያ ሁሉ ወር በ"እንግዶች" የተሸፈነው ቃል በአደባባይ ወጣ፤ አባቴም ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሰማ፣ ትንፍሽ አላለም።

"እማ፣ ንጹሕ ናት" አልኩ። "ሁሉንም አየሁት። አንድም የለም።"

እንቁላል ሻጯ እናቴን አየች፣ ቀጥላ አባቴን አየች፣ ቀጥላም የተላጨውን ራስ።

"እማ፣ ምንም የለባትም እኮ።"

እናቴ በጥፊ አለችኝ። ጆሮዬ ጮኸ፣ እጄ ላይ የነበረው ፀጉር ተበተነ። እታለም ሻንጣዋን አስቀምጣ አቀፈችኝ። ከጆሮዋ በላይ ደሙ ገና አልደረቀም ነበር።

"ዠን ራስሽ ፈልጊያት" አለችኝ በጆሮዬ። "ሌላውን ጨርሰሻል።"

ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ሴቶቹ ገለል ብለው አሳለፏት፣ ቅማል እንደሚያጋባ ሰው።

ቅማሉ ከእኛ አልወጣም። ሂድ ያለው ማንም አልነበረማ፤ ራሳችን ላይ ነበር። እሷ በሄደች በዘጠነኛው ቀን እኔም ያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተላጨሁ። አላለቀስኩም። ስሄድ ስመጣ "ላጣ" አሉኝ፣ ተላመድኩት። ትምህርት ቤት ያቋረጥኩት ቆይቶ፣ ወንድሜን የሚይዝ ሲጠፋ ነው። ዠን በስተመጨረሻ ያገኘኋት አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ነው፤ የማሳያት ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወሬ አመጣ። "ያቺ የሚስትህ እህት አርፋለች አሉ። ምግብ ቤት ሳህን ስታጥብ ነበር አሉ፣ ሳል ይዟት። ከተቀበረች ወር አልፏታል።" አባቴ ምላጩን በፎጣው ጠረገና "ነፍስ ይማር" ብሎ ጢሙን ጨረሰለት። እንደ ልማዱ አላደማውም። በአምስተኛው ዓመት ወንበሩን ከነመስታወቱ አስጭኖ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ከሌላ ሴት ጋር ሌላ ከተማ ገባ። እናቴ እህቷን የሰጠችበት ጣሪያ አምስት ክረምት ብቻ አስጠለላት።

አሁን እኔና እሷ በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ዓይኗ ማሽን ላይ ቀርቷል፤ የምታየው ጥላ ነው። እሑድ እሑድ ራሷን ያሳክካታል። ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ፣ ምንም የለባትም አሉኝ፤ ቅባት ሰጡን፣ አልረዳትም። ስለዚህ እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ ጉልበቷ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አበጥራታለሁ። ስለ እታለም አንሥተን አናውቅም። ባለፈው እሑድም አላነሣንም።

"አለ?" አለችኝ።

"የለም እማ።"

"ደኅና አድርገሽ እዪ።"

"አየሁት። ንጹሕ ነሽ። አንድም የለም።"

ለዚህ ቃል አንድ ጊዜ በጥፊ መትታኛለች። አሁን እጆቿ ጋዜጣው ላይ እንደተዘረጉ ናቸው፣ አንዱም አልተነሣም። ጣቶቿ ወረቀቱን ይዳብሳሉ፣ የወደቀ ነገር እንዳለ።

"ፈልጊ" አለችኝ።

ማበጠሪያውን ከሥር ጀምሬ ሳብኩት። ጋዜጣው ላይ የረገፈው ሽበት ብቻ ነው።

"የለም።"

"ፈልጊ አልኩሽ።"

እፈልጋለሁ።